የበሩ ዙሪያ ድንጋዮች

በዚህ ሥራ አራት ሰዎች ነበርን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንበብና መጻፍ ራሴን ያስተማርኩ፣ በዚህም ከሚገባው በላይ የምኮራ አባት። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛዋ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጃችን። አራተኛው ከአሸተን ማርያም ግርጌ የመጡት ሽማግሌ ግንበኛ ናቸው።

ቤቱ ከአባቴ የወረስኩት ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤት ነው። ላሊበላ ውስጥ እንዲህ ያለው እየቀነሰ ነው። የበሩ ዙሪያ ወደ ውጭ ስላዘመመ ክረምት ሳይገባ ፈርሶ መገንባት ነበረበት። የቅርስ ባለሙያው የፈቀደልን አዲስ ድንጋይ ሳይጠረብ፣ ሲሚንቶ ሳይገባ፣ የነበረው ወደ ነበረበት እንዲመለስ ነው። አለዚያ ቤቱ አስጊ ተብሎ ይዘጋል፤ እኛም ኪራይ ቤት እንገባለን።

ልጄ «አባዬ፣ ሳይፈርስ በስልክ ፎቶ ላንሳው?» አለችኝ።

«ስልክ የሰነፍ ደብተር ነው» ብዬ ገሠጽኳት። ጠመኔ ይዤ መቶ አሥራ ስድስቱም ድንጋይ ላይ በግእዝ አኃዝ ቁጥር ጻፍኩ። አፍርሰን ግቢው ውስጥ ደረደርነው። በማግስቱ ያልጠበቅነው ዝናብ ጣለና ቁጥሩን ሁሉ አጠበው።

ግንበኛው ጎንበስ ብለው አዩ። «ጽሕፈትህ እኮ ወደ ተከዜ ወረደ! በል ሂድና አምጣልን» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ባለቤቴ መጥታ ከድንጋዮቹ ፊት ቁጢጥ አለች። አንዱን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ይሄ ከበሩ በስተቀኝ፣ ከወገቤ ከፍ ብሎ ነው። በየዓመቱ ጣቴን ይቧጥጠኛል» አለች። ልብ ሳልል ቀርቼ እንጂ ግድግዳውን በውስጥ በኩል አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በጭቃና በእበት የለሰነችው እሷ ናት።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? ‹ከሥራ ቦታ ዞር በይ› አላልከኝም?»

ብያለሁ፤ አልክድም። ልጄን ትሕትና የማስተምር ሰው ሚስቴን ምን ታውቂያለሽ ሳልላት አልቀረሁም።

እሷ እየዳሰሰች፣ ግንበኛው እየገጠሙ በዘጠኝ ቀን ግድግዳው ቆመ። እጇ የማይደርስባቸውን ከላይ ያሉትን ግንበኛው በቅርጻቸው ለዩ። ባለሙያው መጥቶ ጠርዝ ከጠርዝ መግጠሙን አየና ፈረመ። ዛሬም በዚያ በር ስገባ አምላኬንና እሷን አመሰግናለሁ።

ግንበኛው ደመወዛቸውን ስሰጣቸው ግማሹን መለሱልኝ። «የእሷን ለእሷ ስጣት» አሉኝ። እሷም ለጣሪያው ክዳን ሣር ገዛችበት። ለዚህ ሥራ ሁለት በግ ሸጥን፤ ልጃችን ድንጋይ ስታቀብል ሁለት ቀን ከትምህርት ቀረች፤ የባለቤቴ መዳፍ ቆስሎ ሰነበተ። በብር የወጣው ሁሉ ተደምሮ አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሆነ።