ተቆጣጣሪው ጤፋችንን ሊያይ የመጣ ዕለት

የዚያን ዕለት ማሳው ላይ የነበርነው አራት ነን። አባቴ ነበሩ፤ ከፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ውሏቸው እዚያ ነው። አብረዋቸው የሚያርሱት ጎረቤታችን ነበሩ፤ እኔ እማማ የምላቸው። ከመንግሥት የተላከው ተቆጣጣሪ ነበረ፤ ታብሌት የያዘ፣ ፀጉሩን የተላጨ ጎልማሳ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ የተቆጣጣሪውን ዕብራይስጥና የአባቴን አማርኛ ለማስተርጎም ነው የሄድኩት።

ማሳው ከምንኖርበት ሰፈር ከኤን ጋኒም ወጣ ብሎ፣ በሰው አቮካዶና በመኪናው መንገድ መካከል ነው። መሬቱ ኪራይ ነው። የውሃው ሂሳብ የሚሸፈነው መንግሥት ለትንንሽ ገበሬዎች በሚሰጠው ድጎማ ነው፤ ድጎማውም የሚመጣው መሬቱ በእርግጥ መታረሱ ሲታይ ነው። ካልታየ ውሃው ይቆማል፤ አባቴም ወደ ሶፋውና ወደ ቴሌቪዥኑ ይመለሳሉ። ይህን ቁጭ አድርጌ አስረድቻቸው በዕብራይስጥ "በሰደር፣ በሰደር"፣ እሺ እሺ ብለውኛል።

ተቆጣጣሪው ከመኪናው ሲወርድ ግን አባቴ በመሀሉ አልወሰዱትም። ዳር ዳሩን ይዘው ውሃ ወደማይደርስበት ጥግ አደረሱት። እዚያ ጤፉ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ግማሹ ቢጫ ነው።

"ምን እህል አለ ብለህ ነው፣ ልጄ" አሉት በአማርኛ። "ወፉም በላው፣ ፀሐዩም ጨረሰው። ዘንድሮስ የለንም።"

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረ። ያሉትን እንዳለ ተረጎምኩለት። "ያሳዝናል" አለና ታብሌቱን መክደን ጀመረ።

ያን ጊዜ እማማ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ወደ አባቴ ዞሩ። "ኧረ በሕግ! አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ የጎንደሩ ገማች አይደለም! ያኛው ሲበዛ ይወስዳል፤ ይሄ ሲበዛ ይሰጣል!"

 አባቴ በአገራቸው እህሉ ሳይታጨድ ገማች ይመጣ እንደነበር፣ ባየው ልክ ግብር ይጥል እንደነበር ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ገማችን በከሳው በኩል ማስገባት የገበሬ ሁሉ ብልሃት ነበር። የራስን እህል ለእንግዳ "አማረ" ማለትም ለዓይን መስጠት ነው። ጆሯቸው ሰምቶኛል፤ እግራቸው ግን የለመደውን መንገድ ሄደ።

"አማረ አልልም" አሉኝ በመጨረሻ። "ይምጣና ይየው በለው።"

መሀል ገባን። ጤፉ ወገባችን ድረስ ነበር፤ ፍሬው ከብዶት ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል። ተቆጣጣሪው ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ፎቶ አነሳ። አባቴን ደግሞ አሁን የሚያቆማቸው ጠፋ። ጎመኑን አሳዩ፣ በርበሬውን አሳዩ፣ ከአጥሩ ማዶም እጃቸውን ዘረጉ።

"ኧረ እሱ የሰው አቮካዶ ነው!" አሉ እማማ። "አሁንስ ሊያሳስረን ነው!"

ተቆጣጣሪው መሬቱን "የታረሰ" ብሎ እንደሚያስገባ፣ ውሃውም እንደማይቋረጥ ነገረኝ። ለአባቴ ስነግራቸው ወደ እማማ ዞረው "እንግዲያ የከርሞውን ዘር ከአሁኑ እንምረጥ" አሉና ጎንበስ ብለው ዛላ መለየት ጀመሩ።

እማማ ግን በመጀመሪያ ተቆጣጣሪውን እስከ መኪናው ሸኙት። በራሳቸው ዕብራይስጥ አንድ ነገር ብለውት ጮክ ብሎ ሲስቅ ሰማሁ፤ ምን እንዳሉት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ይህን የሚያነብላቸው ሰው ካለ፣ እባክዎ እማማ፣ ያን ዕለት ያሉትን እዚህ ይጨምሩልኝ። ተቆጣጣሪውም ትዝ የሚለው ካለ ይንገረኝ። አባቴም፣ በተለይ ስለ ዘሩ፣ የተሳሳትኩትን ያርሙኝ።