ጀልባዎቹ ገቡ ወይ?

ሽማግሌው የስኮትላንድ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዓሣ ሳይበላሽ የሚቆይበትን መንገድ ሲፈልጉ የኖሩ ሳይንቲስት። እኔ ሳውቃቸው ሚስታቸው ሞተው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ልጃቸውን ተከትለው ሎስ አንጀለስ ገብተው ነበር። ቤታቸው ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ነው። ልጃቸው ሥራ ስትውል እኔ ከምኖርበት ከኮሪያታውን በአውቶቡስ እየመጣሁ አብሬያቸው እውላለሁ፤ አበላቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ልጃቸው ወደ ጓዳ ወሰደችኝና አንድ ነገር ነገረችኝ። አባቷ አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ላይ ቆመው «ጀልባዎቹ ገቡ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም ገብተዋል በያቸው፤ ያኔ ይረጋጋሉ አለችኝ። ኦኬ አልኳት። ከመስኮቱ ማዶ ያለው የጎረቤት ጋራዥና አንድ የሎሚ ዛፍ ብቻ ነው።

ጠዋት ጠዋት አእምሯቸው ጥርት ያለ ነበር። የአጃ ገንፎአቸውን እያበላኋቸው ያወሩኛል። ያደጉት ባሕር ጠርዝ ላይ ባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። እሳቸው ልጅ ሳሉ፣ አንድ ክረምት፣ የአባታቸው ጀልባ ጢም ብላ ሞልታ ስትመለስ ማዕበል ተነሣ። ሌላ ወደብ ተጠግቶ ማሳለፍ ይቻል ነበር። ግን ዓሣው ሊሸት ነው፤ ከሸተተ ደግሞ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ስለዚህ በማዕበሉ መሃል ለመግባት ሞከሩ። አልገቡም። እናታቸው ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ዓሣ አላስገቡም።

አድገው ኬሚስትሪ ሲማሩ ሐሳባቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ዓሣው ከቆየ ሰዎቹ አይቸኩሉም። ዓሣ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የሚሠራው በረዶ ሥጋውን ይቀድደዋል፤ ቶሎና በኃይለኛ ቅዝቃዜ ከያዙት ግን ለወራት እንዳለ ይቆያል። ይህን የሚያደርግ ማሽን መርከብ ላይ እንዲገጠም ከጓደኞቻቸው ጋር ደከሙ። ለሙከራው ራሳቸው ባሕር ወጥተው መንገዱን ሁሉ ሲያስመልሳቸው ከረመ። ሲመለሱ ያንን ዓሣ ከዕለቱ ዓሣ ጋር ቀቅለው ለሰዎች አቀረቡ፤ ለይቶ ያወቀ አልነበረም።

«ያን ቀን አባቴን ያዳንኩት መሰለኝ» አሉኝ።

የቀረውን የነገሩኝ ቆይተው ነው። ዓሣው ወራት መቆየት ሲችል ባለመርከቦቹ ሰዎቻቸውን ወደ ሰሜን፣ በረዶ ወዳለበት ባሕር፣ ከዱሮው እጅግ አርቀው መላክ ጀመሩ። እዚያ የሚረጨው ውኃ ብረቱ ላይ እየረጋ ይከብዳል፤ መርከቧ የተጋገረባትን በረዶ መሸከም ሲያቅታት ትገለበጣለች። በሙከራው ጉዞ ባልዲ ይይዙላቸው ከነበሩት ሰዎች እንደዚያ የቀሩ አሉ። ማንም ጥፋተኛ አላላቸውም፤ እንዲያውም ተሸለሙ።

«ዓሣውን አቆየሁት፤ ሰዎቹን ግን አራቅኋቸው» አሉኝ። ማንኪያውን ከእጄ ወስደው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። ያን ቀን ምሳም አልበሉም።

ሳህኑን አንሥቼ ሳጥብ ወንድሜን አሰብኩ። ወንድሜ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ፣ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ሊሻገር ጀልባ ላይ እንደወጣ ነው የቀረው። አብሮት የነበረ የሰፈራችን ልጅ ጀልባዋ መገልበጧን ተናግሯል። ወሬው ቤታችን ከደረሰ ቆይቷል፤ እናቴ ግን ሬሳ ሳላይ ለልጄ ሰደቃ አላወጣም ብላለች። በደወልኩ ቁጥር ወሬ አለ ወይ ትለኛለች፤ እኔም ኢንሻአላህ እላታለሁ። ከዚያ ወዲህ ዓሣ አፌ አይገባም። በጾም ሰሞን ፌርፋክስ ላይ ዓሣ ሲጠበስ ማዶ ተሻግሬ ነው የምሄደው። ዓሣ ባሕር ውስጥ ምን እንደሚበላ አስባለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው መስኮቱ ላይ ቆሙ። ውጭው ፀሐይ ነው፤ እሳቸው ግን የሸሚዛቸውን ኮሌታ አንገታቸው ላይ ጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ።

«ጀልባዎቹ ገቡ ወይ?»

የለመድኩት መልስ አልወጣ አለኝ።

«አልገቡም» አልኩ።

ይጮኻሉ ብዬ ፈራሁ። ዞር ብለው አዩኝ። ዐይናቸው እንደ ጠዋቱ ጥርት ያለ ነበር።

«ያንቺ ማን ነው ያለበት?»

«ወንድሜ።»

እጄን ይዘው ወደ ሶፋው ሄዱና ተቀመጡ፤ ፈቀቅ ብለውም ቦታ ለቀቁልኝ።

«እንግዲያው ተቀመጪ» አሉ። «እናቴ ብቻዋን ነበር የጠበቀችው።»

ልጃቸው መጥታ መኪናዋን ፓርክ እስክታደርግ ድረስ መስኮቱን እያየን ቆየን። አንድ ጊዜ ከሩቅ የሞተር ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ የመኪና አልነበረም። ቀና ስል እሳቸውም ቀና ብለዋል።

ከዚያ በኋላ ያንን ጥያቄ አልጠየቁኝም። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጠዋት መጋረጃቸውን ልከፍት ስገባ አርፈው አገኘኋቸው። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር።

በዚያው ሳምንት ለእናቴ ደወልኩ። እንደ ልማዷ ወሬ አለ ወይ አለችኝ።

«የለም እማ። አይመጣም» አልኳት።

ከግቢው የዶሮ ድምፅ ይሰማኛል።

«አንቺ እስክትይው ነበር የምጠብቀው» አለችኝ።

ሰደቃው ወጣ። የአክስቴ ልጅ እንድሰማው ብሎ ስማርት ስልኩን ዱዓ የሚያደርጉት ሰዎች መሃል አስቀመጠልኝ። እኔ ኮሪያታውን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አሚን እላለሁ። በመሃል አንድ ሰው ሲስል ሰማሁ፤ ልክ እንደ ወንድሜ፣ ሁለት ጊዜ አከታትሎ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።