የኦቦ ገመቹ ገንቦ

እንደ ታላቅ ወንድም የማያቸው ወዳጄ ኦቦ ገመቹ ማለፋቸውን የሰማሁት አምቦ፣ ከቢሮ ወጥቼ ምሳ ልበላ ስል ነው። የደወሉልኝ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ነበሩ። በመጀመሪያ «ገንቦውን ወሰዱት» አሉኝ። ቀጥለው «እሳቸውን ገደሏቸው» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። በአውቶቡስ ወደ ጌዶ ስሄድ መንገዱን ሁሉ ስለዚያ ገንቦ አስብ ነበር።

ለማያውቋቸው ልንገር። ኦቦ ገመቹ በጌዶ ዳርቻ ገበሬ፣ በአካባቢው ሁሉ ደግሞ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። በድንበር ወይም በከብት የተጣሉ ሰዎች ጠመንጃቸውን አንግተው ደጃቸው ሲመጡ፣ እርሳቸው አስቀድመው ጥይቱን ያስወጡና በጨርቅ ቋጥረው ጓዳ ባለው ገንቦ ያኖሩታል። ጠመንጃውን አይነኩም። «ጠመንጃው የአባት ነው፤ ጥይቱ የንዴት ነው። አባታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ንዴታችሁ እዚህ ይቆይ» ይሉ ነበር። እርቁ ሲጸና ለባለቤቱ ይመልሱለታል። ብዙው ሰው ግን «እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ» ብሎ ይተወዋል፤ ቤቱ ሲገባ ራሱን አያምንማ።

አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ተጣልተው መጡ። ታናሽየው ጥይቱን ጨብጦ አልሰጥም አለ። ኦቦ ገመቹ አልተቆጡም፤ እርጎ አስመጡና «ጠጣ እስኪ፤ በባዶ ሆድ እርቅ የለም» አሉት። ጠጥቶ ሲጨርስ እያለቀሰ ሰጣቸው። በጠቡ ምክንያት የእርሻው ጊዜ እያለፈበት ስለነበር፣ በማግስቱ የራሳቸውን በሬዎች ጠምደው መሬቱን አረሱለት።

እኔ ከድሮም መሣሪያ ከግለሰብ እጅ ይውጣ ባይ ነኝ። ጌዶ በሄድኩ ቁጥር ሳንጨቃጨቅ ተለያይተን አናውቅም። «ማን ይቅደም?» ይሉኛል። «ፍየሏ ቀንዷን አስረክባ ጅቡ ጥርሱን እምቢ ቢልስ?» እናደዳለሁ። «ያ ቀንድ የጎረቤት ልጅ ሲወጋስ?» ስላቸው ደግሞ እርሳቸው በበትራቸው መሬት ይጭራሉ።

ዘመኑ ከፍቶ ታጣቂው ከየአቅጣጫው ሲበዛ ገንቦውን ለመንግሥት እናስረክብ ብዬ ለመንኳቸው። «ወንድሜ፣ አደራ በላ ልታደርገኝ ነው?» አሉኝ። አዴ ጫልቱም ወንዝ ውስጥ እንጣለው ብለው ነበር። «ባለቤቱ መጥቶ ሲጠይቀኝ ወንዙን ላሳየው?» አሏቸው። አደራ ለእርሳቸው ቀልድ አልነበረም።

የመጡት በጠራራ ፀሐይ ነው። እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ስለ ገንቦው ሰምተዋል። ኦቦ ገመቹ የጓዳው በር ላይ ቆመው «ኢጆሌ ኮ፣ የእኔ ቢሆን እሰጣችሁ ነበር» አሏቸው። ልጆቼ እያሉ ነው የሞቱት። የራሳቸው ጠመንጃ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። የእርሱም ጥይት ገንቦው ውስጥ ነው፤ ሰውን ያዘዙትን ራሳቸውም ያደርጉ ነበርና።

ለቅሶ ቤት ገሚሱ «ጠመንጃቸው ጎርሶ ቢሆን ዛሬ በሕይወት ነበሩ» ይላል። ገሚሱ «ጥይት ቤታቸው ባይኖር ማን ይመጣባቸው ነበር?» ይላል። ያን ሁሉ ዘመን የተከራከርኩት እኔ ሁለቱንም ሰማሁ። ሁለቱም እውነት መሰለኝ፤ ሁለቱም እርሳቸውን አያስነሱም።

ኦቦ ገመቹ፣ የቀብርዎን ነገር ልንገርዎ። ያስታረቋቸው ሰዎች በሙሉ መጡ። እንደ ወጉ ለክብርዎ ሊተኩሱ ጠመንጃ የያዙም ብዙ ነበሩ፤ ግን ጥይታቸው እርስዎ ዘንድ ነበር። አፈሙዛቸውን ዘቅዝቀው ቆሙ። እርስዎ ይህን ቢያዩ ደስ ይልዎት ነበር፤ እኔም ለአንድ አፍታ ያሸነፉ መሰለኝ።

አፈር ሲመለስብዎት ከጋራው ማዶ ተኩስ ተሰማ። ሁሉም ቀና አለ። ያ እርጎ ያጠጡት ታናሽ ወንድም አጠገቤ ነበር፤ ክንዴን ይዞ «የእኔ ጥይት ይሆን እንዴ?» አለኝ። እርስዎ ቢሆኑ እጁን ይዘው ቁጭ ያደርጉት ነበር። እኔ ያንን እንኳ አልቻልኩበትም። ጋሼ፣ በሰላም ይረፉ። አደራዎ ከእጃችን ወጥቷል፤ ማን ላይ እንደሚያርፍ አናውቅም።