ጥለቱ ወደ ላይ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሣራ ደወለችልኝ። ዲዛይን ትማራለች። ከጓደኞቿ ጋር ሆና የአቃቂን አሮጌ ባቡር ጣቢያ ለማሳደስ ገቢ የሚያሰባስብ ኤግዚቢሽን ልታዘጋጅ ነውና የእናቴን ነጠላ እንዳውሳት ፈለገች። እሺ አልኳት። ቀጥላ ግን፣ «አባባ፣ ስሰቅለው ጥለቱ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?» ብላ ጠየቀችኝ። ቆይቼ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን እኔም እዚያው ጣቢያ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቼ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥዕል ክፍል ተቀጥሬ፣ የአንሶላ አበባ እየሣልኩ ራሴን እንደ ትልቅ ሠዓሊ የምቆጥር ጎረምሳ ነበርኩ። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አርጅቶ ዝናቡ በጥንቶቹ የግድግዳ ሥዕሎች ላይ ይወርድ ነበር። ልጅ ሆኜ መሣል ያስመኘኝ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግሮቹ ታጥበው አልቀዋል። ሌላ ክረምት እንደማይችል ስላወቅሁ የሰፈሩን እናቶች ነጠላ ተውሼ «ጥለት» የሚል ኤግዚቢሽን ላሳይ፣ ገቢውም ለጣሪያው ይሁን አልኩ። የጣቢያው ኃላፊ ባዶ መጋዘን ፈቀደልን።

ግንቦት ነበር፤ ከበሰቃ ሰፈር ወደ ጣቢያው የሚመጣው መንገድ አቧራው እግር ይውጣል። ሽቦ ወጥሬ ነጠላዎቹን ስሰቅል ጥለታቸው ወለሉ ጋ ቀረና አልታይ አለኝ። ሰው የሚመጣው ጥለቱን ለማየት አይደል? ሁሉንም ገለበጥኳቸውና ጥለቱ ከሰው ፊት ትይዩ ሆነ። እንዴት እንዳማረኝ። ከፊት የሰቀልኩት የእናቴን ነበር፤ አባቴ ከድሬዳዋ ባመጣላት አረንጓዴ ክር የተጠለተውን።

ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወሬያቸው ቆመ። አንገታቸውን ደፍተው ግድግዳው ሥር ባሉት አግዳሚዎች ላይ ተቀመጡ። ዞሮ የሚያይ የለም፤ ስለ ጥለቱ የሚጠይቅም የለም። ከኋላ የመጣውም እንደዚያው። ሣጥኑ ውስጥ ግን ሁሉም ሳያቅማማ ይጥላል። አልወደዱትም እንዳልል ይሰጣሉ፤ ወደዱት እንዳልል ቀና ብለው አያዩትም። ግራ ገባኝ።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ትኩስ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ይዘው ገቡ። ትከሻዬን ይዘው፣ «እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ» አሉኝ።

ለኤግዚቢሽን ንፍሮ ማን ያመጣል? አባቴ የባቡር ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ከሦስት ቀን በፊት ወደ ድሬዳዋ ወርዷል። ሰው ሁሉ የሰማውን እኔ ብቻ ሳልሰማ ቀርቼ፣ መርዶ ሊነግሩኝ እንደተሰበሰቡ እርግጠኛ ሆንኩ። እንዳልጠይቅ፣ ከአፌ ከወጣ እውነት የሚሆን መሰለኝ። እነሱም አይጠይቁኝም፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሐዘንተኛውን ማን ሞተብህ የሚል ሰው የት አለ? እትዬ ዘነበች አጠገብ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። እኔ ሳለቅስ እስከዚያ የተጠራጠሩትም አብረውኝ አለቀሱ።

የባቡሩ ጡሩምባ የተሰማው ያኔ ነው። ጥቂት ቆይቶ አባቴ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆመ። በሕይወት ነበር። ዘልዬ ላቅፈው ስነሳ እሱ እኔን አላየኝም፤ የሚያየው የእናቴን ነጠላ ነው። ቦርሳው ከእጁ ወደቀ። አባቴ በሰው ፊት እናቴን በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

«አስካለ» አለ። «አስካለ፣ ሳትጠብቂኝ?»

እናቴ ለእንግዶቹ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ተሸክማ ከኋላው እየደረሰች ነበር። «አለሁ፣ ምን ሆነሃል?» አለችው። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ተመለከተች። «ነጠላዎቹን ማነው ያዘቀዘቃቸው?»

ሐዘን የደረሰባት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ አድርጋ እንደምትለብስ ሳይ ነው ያደግሁት። ወረቀት ላይ ስሥለው ስውል ሰው የሚለብሰው ነገር መሆኑን ረስቼው ነበር።

ሳቁ ቤቱን ሞላው፤ ንፍሮውም ከዳቦው ጋር ተበላ። የሰጠውን የመለሰ አልነበረም፤ ጣሪያው ክረምት ሳይገባ ተሠራ፣ ፈረሱም ያለ እግር ዛሬም አለ። አባቴ ብቻ አልሳቀም። እናቴ አጠገብ ተቀምጦ የለበሰችውን ነጠላ ጫፍ እንደያዘ ቆየ። ልፈር ወይስ ደስ ይበለኝ አላወቅሁም፤ እስከ ዛሬም አልለየልኝም።

ከብዙ ዓመት በኋላ እሱ ሲሞት እናቴ ያንኑ ባለ አረንጓዴ ጥለት ነጠላ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ያን ቀን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ዛሬ ለሣራ ደወልኩላት። ወደ ታች ይሁን አልኳት።

«ወደ ታች ከሆነ እኮ ጥለቱ አይታይም፣ አባባ።»

«ማየት የፈለገ ጎንበስ ይበል» አልኳት።