ያኮረፈችው ቤት

የልጆች መጻሕፍት አርታዒ ሆኜ ብዙ ዘመን ስለሠራሁ፣ ሰውኛ ዘይቤ አብዝቶ ያማረበት ረቂቅ ሲደርሰኝ ከመደሰቴ በፊት እጠረጥራለሁ። የሚናገር በርና የሚቀና ደረጃ መፍጠር ቀላል ነው፤ ከባዕድ መጽሐፍ ገልብጦ ማምጣት ደግሞ ከዚያም ይቀላል።

ያን ረቂቅ ያመጣችልኝ ወጣት ሴት፣ ፒያሳ ከነበረው የወላጆቿ የእንጨት ቤት ተነሥታ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም የገባች ናት። የመጀመሪያ መጽሐፏ ነበር፤ እኔ ካላጸደቅሁት አይታተምም። በታሪኩ አንድ ቤተሰብ አዲስ ቤት ይገባል፤ ቤቷ ግን ታኮርፋለች። ቧንቧዋ እያሳለ ውኃ ይከለክላል፣ በሯ ለመዘጋት ይለግማል፣ መስኮቷ ፀሐይን አላስገባም ይላል። ቋንቋው እንከን አልነበረውም። የኩርፊያዋ ምክንያት ግን የትም አልተጻፈም። በምናባዊ ልቦለድ ግዑዝ ነገር እንዲናገር እፈቅዳለሁ፤ ያለ ምክንያት እንዲቆጣ ግን አልፈቅድም። ገልባጭ ደግሞ ያልገባውን ዘሎ ያልፋል። ስለዚህ ምክንያቱ እዚያው በተገለበጠው የባዕድ መጽሐፍ ውስጥ ቀርቷል ብዬ ደመደምሁ።

ጊዮርጊስ አጠገብ ካለ ካፌ ቀጠርኋት።

«ቤቷ ምን ሆና ነው የምታኮርፈው?» አልኋት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «‹ቤት ለእንቦሳ› ያላት የለማ።»

«የት ላይ ተጽፏል?»

«ይኼ ይጻፋል እንዴ? አዲስ ቤት የገባ ሰው ጋ እንግዳ ሲመጣ፣ ገና ከደጃፉ የሚለው እሱን አይደል? ማንም ያውቀዋል ብዬ ነው የተውኩት።»

መልሷ ሊያሳምነኝ ነበር። ግን አስቀድማ አዘጋጅታው ቢሆንስ? ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረብሁላት።

«እንግዲያውስ ኩርፊያዋን ከነምክንያቱ እዚሁ ጻፊልኝ።»

«እየፈተኑኝ ነው?»

«አዎ።»

«የፒያሳ ልጅ ሆኜ እንዲህ ተፈትሼ አላውቅም። ባንክ ቤት እንኳ የሚያዩት ቦርሳዬን ብቻ ነው።» ወረቀቱን ግን ወደ ራሷ ሳበችው።

በጻፈችው አንቀጽ ውስጥ ቤቷ ከደረጃው ኮቴ በሰማች ቁጥር ትንፋሿን ዋጥ ታደርጋለች፤ መጋረጃዋን ታስተካክላለች። ኮቴው አልፏት ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል። እዚያ ‹እንቦሳ እሰሩ› ሲባል በጣሪያዋ በኩል ታዳምጣለች።

ደጋግሜ አነበብሁት፤ የሚታረም ቃል አጣሁበት።

«እናንተ ከገባችሁ ቆያችሁ?»

«ከክረምት በፊት ነው የገባነው። መንገዱ ሩቅ ሆኖባቸው መሰለኝ፣ እስካሁን የመጣ ሰው የለም።»

አንቀጹን ከምዕራፉ መግቢያ ጋር አያይዤ፣ «ይታተም» ብዬ ፈረምሁበት። ቀጥዬም የሕንፃዋን ቁጥርና እሑድ ከቤት መኖር አለመኖሯን ጠየቅኋት።

አሁን ደግሞ እሷ ጠረጠረችኝ። «ይኼም ፈተና ነው?» አለችኝ።