ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቸርኬ

ፓርሜንዮ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። በመንደሩ በሳንታ ብሪጂዳ፣ እግሩ እንዴት እንደተቆረጠ ሁሉም አውቃለሁ ባይ ነው። "ቸኩሎ" ይላሉ። እሱም ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያው ሲል ኖረ። ቸኩዬ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በኮሎምቢያዋ ቦያካ የብስክሌት ውድድር ፓርሜንዮ የአርሴንዮ ረዳት ነበር። ረዳት ማለት ለመሪው ነፋስ ይከልላል፣ ውሃ ያመላልሳል፣ የመሪው ጎማ ከተነፈሰ የራሱን ከነቸርኬው ነቅሎ ይሰጣል። አርሴንዮ ደግሞ መሪው ብቻ አልነበረም። የፓርሜንዮን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጁ ነው። ስለዚህ ዳገቱ ጫፍ ላይ አርሴንዮ እጁን አንስቶ "አበልጅ፣ የፊቱ ተነፈሰብኝ!" ሲል ፓርሜንዮ ዓይኑን አላሸም። ነቅሎ ሰጠው።

"የኔን ንፋውና ውረድ። ቀስ እያለ ነው የሚተነፍሰው፣ እስከ ታች ያደርስሃል" አለው አርሴንዮ። በረረ።

ፓርሜንዮ ነፋውና ወረደ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የፊቱ ጎማ እንደ ወረቀት ታጠፈ። ከኋላ የመጣው አጃቢ መኪና እግሩ ላይ ወጣ። አርሴንዮ ያን ቀን አሸነፈ፣ በሬዲዮም ስለ እሱ ተናገረ። "አበልጄ በሚተነፍስ ጎማ እንደ እብድ ወረደ። እግዚአብሔር ይማረው።"

ከዚያ በኋላ ፓርሜንዮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሚስቱ ሮሳልባ ድንች ልትቆፍር ስትወጣም፣ ስትመለስም እንደዚያው ነው። አንድ ጠዋት የብስክሌት ጠጋኙ ሽማግሌ ዶን ኩስቶዲዮ መጡ።

"የተረፈችህንም እግር በቁሟ ልትቀብራት ነው? ጎማ የሚቀናው በእጅ ነው። ተነስ!"

ተነሳ። በሽማግሌው መጠገኛ ቤት ሥራ ጀመረ፤ መጀመሪያ ብዙ የቸርኬ ሽቦ ሰበረ። ኋላ ግን እጁ አወቀ። ቸርኬውን ያሽከረክርና የአውራ ጣቱን ጥፍር ጠርዙ ላይ ያሳርፋል፤ የት እንደጎበጠ ጥፍሩ ይነግረዋል። ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር ብስክሌተኞች ይመጡለት ጀመር። እሱ ታዲያ ውሃ ውስጥ ሳይነክር፣ እያንዳንዱን የሽቦ ቀዳዳ በጣቱ ሳይዳስስ ጎማ አይሰጥም።

"ጎማ ነው እኮ፣ ሙሽራ አይደለም!" ይሉታል ዶን ኩስቶዲዮ።

"ይወርዱበታል ዶን ኩስቶዲዮ" ይላል እሱ። ሌላ አይልም።

ያ የታጠፈ ቸርኬ ከነጎማው እዚያው መጠገኛ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ችኮላዬን እንዳልረሳ ብሎ ራሱ ነው የሰቀለው። ለካርመን እመቤታችን በዓል አርሴንዮ መጥቶ ሊወዳደር ነው ሲባል ዶን ኩስቶዲዮ "እንግዳ ሳይመጣ ይቺን አውርዳት፣ አታምርም" አሉት። አወረደው። እጁ ለምዶበት ይሁን እንጃ፣ ጎማውን ላጠው፣ ነፋው፣ ውሃ ውስጥ ነከረው። አረፋ ጠበቀ።

አረፋ የለም። አዞረው። የለም።

"ዶን ኩስቶዲዮ፣ እስኪ ይዩልኝ። ዓይኔ ነው?"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አዩ። "ይሄ ጎማ ተበስቶ አያውቅም" አሉ። ከዚያ ቸርኬውን አነሱ። ከጎማው ስር አራት የሽቦ ቀዳዳዎች ዙሪያቸውን ተሰንጥቀው፣ ስንጥቁ በማስቲሽ ተሞልቶ፣ በላዩ ብርማ ቀለም ተቀብቷል። "ይሄ ደግሞ ሳትወድቅ በፊት የተሰነጠቀ ነው። ቀላል ቸርኬ ነው ልጄ፤ ለዳገት ይሆናል። ለቁልቁለቱ ያንተን ፈልጎ ነው።"

ፓርሜንዮ ተቀመጠ። አርሴንዮ አየሩን በገዛ ጣቱ እንዳስወጣው ያኔ ገባው።

በበዓሉ ዋዜማ አርሴንዮ መጣ። ወፍሯል። አቀፈው።

"አበልጄ! አገሩ ሁሉ ስለ እጅህ ነው የሚያወራው። ይቺን የፊት ጎማ ለነገ እይልኝ።"

"መጀመሪያ አንተ እይልኝ" አለ ፓርሜንዮ። ገንዳውን አቀረበ፣ አሮጌውን ጎማ አስገባ። "ቀዳዳውን ፈልግልኝ።"

አርሴንዮ እየሳቀ አዞረው። እንደገና አዞረው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቸርኬ ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

"ስንጥቁን... ያን ቀን ጠዋት መካኒኩ አሳይቶኝ ነበር። እስከ ታች ይደርሳል ብዬ ነው፣ በክርስትና ልጄ ይዤሃለሁ።"

"ይደርሳል ካልክ አንተ ለምን አልወረድክበትም?"

አርሴንዮ እጁን ከገንዳው አወጣ።

"ሦስት ዓመት 'ቸኩዬ ነው' ስል ሰማኸኝ። ቤቴ ገብተህ፣ ሮሳልባ የቀቀለችውን ድንች እየበላህ ሰማኸኝ።"

አርሴንዮ ለነገ ያመጣውን ጎማ ይዞ ሊወጣ ተነሳ።

"እዚህ ተወው!" አለ ፓርሜንዮ።

ተቀበለውና አሽከረከረው። ጥፍሩን አሳረፈ። ቀዳዳ በቀዳዳ ዳሰሰ፣ ውሃ ውስጥ ነከረ፣ አልቸኮለም። አርሴንዮ ደጃፉ ላይ ቆሞ እጁ ውሃ ያንጠባጥባል።

"ደህና ነው። ቁልቁለት ይችላል።"

"አበልጅ..."

"ፓርሜንዮ በለኝ።"

ከሄደ በኋላ ዶን ኩስቶዲዮ የታጠፈውን ቸርኬ አነሱ። "ልጣለው?"

"አይ፣ ይስጡኝ።" መልሶ ሰቀለው። አሁን ግን ስንጥቁን ወደ በሩ አዙሮ ነው፣ የሚገባ ሰው ሁሉ እንዲያየው።