ከድልድዩ ማዶ

በአጎቴ ኮምፒውተር ጌም ስጫወት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ዛሬ ልጄ ያንን የድሮ ጌም ላፕቶፕ ላይ ስትከፍት የጌሙን ወንዝ ድምፅ ሰማሁና በሐሳቤ ነቀምቴ፣ አጎቴ ክፍል ውስጥ ገባሁ።

ኤሱማ እለዋለሁ፣ የእናቴ ወንድም ነው። እንግሊዝኛ ስለማልችል እሱ ነበር የሚያነብልኝ። ጌሙ ውስጥ ድልድይ አጠገብ የቆመች አሮጊት ታወራኛለች።

"ምን አለች?"

"ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ከተሻገርሽ ሞተሽ ትቀሪያለሽ አለች።"

አመንኩት። ወራት ሙሉ በዚያች መንደር እንጉዳይ ስለቅም፣ ማዶ ያለውን በረዷማ ተራራ በሩቁ ሳይ ከረምኩ። በኋላ መዝገበ ቃላት ተውሼ ንግግሯን ቃል በቃል ፈታሁት። አሮጊቷ ያለችው "መንገዱ ክፍት ነው፤ ደስ ወዳለሽ ሂጂ" ነበር።

"ኤሱማ፣ ለምን ዋሸኸኝ?"

ፈገግ አለ። "አንቺ ማንበብ ከቻልሽ እኔን ማን ይጠራኛል?"

ያኔ አልገባኝም፤ አሁንም ግማሹ ነው የገባኝ። ልጄ ዛሬ ጌሙ ውስጥ ተራራው ላይ ወጥታ "እማ፣ ነይ እዪ" ስትለኝ እንደ ልጅ እየሮጥኩ ሄድኩ።

ያኔ ግን፣ እውነቱን ባወቅኩ ማግስት፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሻገራለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። እኔ እስክመለስ ኤሱማ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ላይ ጭኖ ወደ አርጆ ከተማ ወሰደው።